ጃፓንኛን በሂራጋና እንጀምር ወይስ በዓረፍተ ነገር?

ጃፓንኛን ከዜሮ ለሚጀምር አማርኛ ተናጋሪ ሁለት መንገዶች ይቀርቡለታል። አንደኛው ሂራጋናን፣ ማለትም የጃፓን ልጆች አስቀድመው የሚማሩትን ፊደል፣ መጀመሪያ ማጥናት ነው፤ ሌላው ፊደሉን አቆይቶ ቀላል ዓረፍተ ነገሮችን በእኛው ፊደል እየጻፉ በቃል መያዝ ነው። ከዚህ በታች የሚከራከሩት ሁለቱም ጃፓንኛን ተምረው ለጀማሪዎች ያስተማሩ ናቸው።

ለፊደል የቆመው፦ ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊ ሂራጋናን የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም። በልጅነታችን ሠላሳ ሦስቱን ተራ በሰባት በሰባት ስንዘልቅ 231 ምልክቶችን ለይተናል፤ የሂራጋና መሠረታዊ ምልክቶች ግን 46 ብቻ ናቸው። አሠራሩም ባዕድ አይደለም፤ አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ቀለም ይይዛል፣ ገበታውም «ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ» እየተባለ ይወርዳል። እኛ በ«ሰ» ላይ ጭረት ጨምረን «ሸ»ን፣ በ«ደ» ላይ ጨምረን «ጀ»ን እንዳገኘን ሁሉ፣ እነርሱም በ«ካ» ላይ ሁለት ትናንሽ ጭረቶች አክለው «ጋ»ን፣ በ«ታ» ላይ አክለው «ዳ»ን ያገኛሉ። በቀን አምስት ምልክት የሚያጠና ሰው መሠረታዊውን ገበታ በአሥር ቀን ይጨርሰዋል።

ይህን ዘልሎ በእኛ ፊደል የሚጀምር ሰው ግን የሚያጣው ብዙ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን ጊዜው የምንለየው ከዐውዱ ነው። በጃፓንኛ «ኪቴ» ላልቶ ሲነገር «ና» ብሎ መጥራት ሲሆን፣ ጠብቆ ሲነገር የፖስታ ቴምብር ነው፤ ሂራጋና ልዩነቱን በመካከል በምትገባ ትንሽ «ትሱ» ቁልጭ አድርጎ ያሳየዋል። የአናባቢ መርዘምም እንዲሁ ነው። «ኦባሳን» አክስት ናት፤ «ባ» ስትረዝም ግን አያት ትሆናለች። የወዳጁን አክስት አያት ያደረገ ጀማሪ ምን ዓይነት ፊት እንደሚጠብቀው አንባቢ ይገምት።

ለንግግር የቆመችው፦ ወንድሜ የገበታውን መመሳሰል ሲያነሡ የምልክቶቹን መልክ ዘለሉት። በእኛ ፊደል «ከ»ን ያወቀ ሰው «ኩ»ን፣ «ኪ»ንና «ካ»ን በቅጥያቸው ይደርስባቸዋል። በሂራጋና ግን እያንዳንዱ ምልክት ከየራሱ የቻይና ጽሕፈት በፈጣን የእጅ አጻጻፍ የወጣ ስለ ሆነ፣ «ካ» እና «ኪ» በመልክ ዝምድና የላቸውም። ዝምድና የሌላቸው «ኔ»፣ «ሬ» እና «ዋ» ደግሞ የግራ ጎናቸው አንድ ሆኖ በጅራታቸው ብቻ ይለያያሉ። መጥበቅና መላላቱን በተመለከተ፣ ፊደላችን ባያሳየውም ጆሯችን ያውቀዋል፤ የሰዋስው መጻሕፍት እንደሚያደርጉት በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ማድረግ ይበቃል።

አማርኛ ተናጋሪ ወደ ጃፓንኛ ይዞት የሚመጣው ትልቁ ሀብት የዓረፍተ ነገር አሠራር ነው። «ዋታሺ ዋ ጋኩሴይ ዴስ» ማለት «እኔ ተማሪ ነኝ» ማለት ሲሆን፣ ማሰሪያው እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። «ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ሲሉ፣ «ኦ» ከስሙ በኋላ ገብታ «ውሃውን እጠጣለሁ» በሚለው ውስጥ «ን» የምትሠራውን ሥራ ትሠራለች። ለጥያቄም «ጋኩሴይ ዴስ ካ» ይላሉ፤ ይህችን «ካ» «ተማሪ ነህ ወይ» ከሚለው «ወይ» ጋር ያላስተያየ የእኛ ሰው አላጋጠመኝም። እንዲያውም አንድ ነገር ይቀልልናል፤ «ኢኪማስ» እሄዳለሁም፣ ትሄዳለችም፣ ይሄዳሉም ነው። አምስቱ የጃፓንኛ አናባቢዎችም ከካዕብ፣ ከሣልስ፣ ከራብዕ፣ ከኃምስና ከሳብዕ ጋር ይገጥማሉ። በመጀመሪያው ቀን መናገር የሚችለውን ሰው ለአሥር ቀን ጭረት ማስጠናት ምን ይጠቅማል?

ለፊደል የቆመው፦ የ«ኦ» እና የ«ን» ንጽጽር እውነት ነው፤ እኔም ሳስተምር እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ተማሪው ዓይኑ የለመደው ፊደል አጠገቡ እስካለ ድረስ ወደ ሌላው አያይም፤ ሁለት ደብተር ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ፊደል ጽፎ ከመጀመሪያው ገጽ አንዲቱን እንኳ በሂራጋና ማንበብ ያልቻለ ተማሪ ገጥሞኛል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ጀማሪዎች የሚያስቡት ስለ ጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ነው፤ ፈተናው ደግሞ ማንበብና ማዳመጥን እንጂ መናገርን አይመዝንም።

ለንግግር የቆመችው፦ ሂራጋናን ብቻ የያዘ ሰው ምን ያህል እንደሚያነብ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። «እናቴ አበባ ትወዳለች» የሚለው በንግግር «ሃሃ ዋ ሃና ጋ ሱኪ» ነው። ጃፓኖች በቃላት መካከል ክፍተት ስለማይተዉ፣ በሂራጋና ብቻ ሲጻፍ አራት «ሃ» ተከታትለው ይሰለፋሉ፤ ሦስተኛዋም «ሃ» ተብላ ተጽፋ «ዋ» ተብላ ትነበባለች። ይህን ሰልፍ በቦታው የሚቆርጠው ዓረፍተ ነገሩን አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ በምግብ ቤት የሚያገኘው የባዕድ ቃል የሚጻፈው በሌላው የጃፓን ፊደል፣ በካታካና ነው፤ ጋዜጣውም በ2010 በወጣው ዝርዝር መሠረት 2136 የዘወትር ካንጂዎች፣ ማለትም ከቻይና ጽሕፈት የተወሰዱ ምልክቶች፣ አሉት። ሂራጋና ራሱም የሚደብቀው አለ፤ «ሃሺ» በድምፅ ከፍታና ዝቅታ መብያ እንጨት ወይም ድልድይ ይሆናል፣ በሂራጋና ሲጻፍ ግን አንድ ነው።

ለፊደል የቆመው፦ ያቀረቡት ምሳሌ ለእኔ ይመሰክራል። ያችን ሦስተኛዋን «ሃ» በጆሮው የተማረ ሰው በደብተሩ «ዋ» ብሎ ይይዛታል፤ በኋላ በሂራጋና ሲጽፍም ሌላዋን፣ እውነተኛዋን «ዋ» ያስቀምጣል። ይህችን ስሕተት ዓመት ከተማሩ ሰዎች ደብተር ላይ እስከ ዛሬ በቀይ እስክሪብቶ እያረምሁ ነው።