ከተርባይኑ ሥር የሚያድረውንም ሰው እንስማው

የነፋስ ተርባይን ድምፅ አለው። ይህን መናገር ልማትን መቃወም አይደለም። እኔ ራሴ የነፋስ ኃይልን በሙሉ ልቤ ነው የምደግፈው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ከመብራታችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመጣው ከውኃ ነው። በበጋ ግድቦቹ ሲጎድሉ ነፋሱ ደግሞ ይበረታል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይደርሳል። ከዚህ የተሻለ ጥንድ ከየት ይገኛል?

ግን ማማዎቹን ወደ አዳማ ሲነዱ ከመኪና መስኮት ማየት አንድ ነገር ነው፤ አጠገባቸው ማደር ሌላ ነው። አዳማ ላይ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102 ተርባይኖች ቆመዋል። መቀሌ አቅራቢያ አሸጎዳ ላይ 84 አሉ። አርሲ ውስጥ በኢተያና በአሰላ መካከል ደግሞ በጠቅላላው 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 29 ትልልቅ ተርባይኖች ተተክለዋል። አርሲን የሚያውቅ ሰው ይህ ባዶ ሜዳ እንዳልሆነ ያውቃል። ስንዴ የሚዘራበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ሰው ልጆቹን የሚያሳድግበት ምድር ነው።

ቀን ላይ ማማው ሥር የቆመ ሰው ብዙም ላይገርመው ይችላል። ነፋሱ ራሱ ጆሮው ላይ ይጮሃል፣ ሰብሉ ይንሿሿል፣ ልጆች ይንጫጫሉ። ነገሩ የሚለየው ሲመሽ ነው። መሬቱ ይቀዘቅዝና ታች ያለው አየር ይረጋል። ግቢው ጸጥ ይላል፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ላይ፣ ማማው ጫፍ አካባቢ ግን ነፋሱ እንደነፈሰ ነው። ክንፉ ይዞራል። የትልቅ ተርባይን ክንፍ ጫፍ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት አየሩን ይሰነጥቃል። ሹው... ሹው... ሹው። በየሁለት ሰከንዱ ገደማ አንድ ጊዜ። ቀን የሚሸፍነው ጫጫታ ስለሌለ፣ የተኛው ሰው ከመስማት አልፎ መቁጠር ይጀምራል። እንግዲህ ቀን የመጣ ባለሙያ “ይሄ ምን ድምፅ አለው?” ብሎ ሊመለስ ይችላል። ነዋሪው ደግሞ “እንቅልፍ አጣሁ” ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የሰሙት በተለያየ ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጆሮ የማይሰማው የተርባይን ሞገድ ሰው ያሳምማል የሚል ወሬ በብዙ አገር ይናፈሳል። ፊንላንድ ውስጥ መንግሥት ያስጠናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲወጣ ለዚህ ማስረጃ አላገኘም። ካናዳም ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ1,238 ሰዎች ላይ ያደረገችውን ጥናት ውጤት አውጥታ ነበር። የድምፁ መጠንና ሰዎቹ የተናገሩት ሕመም ወይም የእንቅልፍ ችግር አልተያያዙም። ምሬቱ ግን ተያያዘ። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር በተርባይኑ ክፉኛ የተማረረው ሰው በዛ። ለእኔ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ሌላው ግኝት ነው፦ ከተርባይኑ ገቢ የሚያገኙት ሰዎች ምሬታቸው ያነሰ ነበር። የራስህ ወፍጮ ቤት ሲንጫጫ ብዙም አይታወቅህም፤ የጎረቤት ሲሆን ግን ግድግዳህን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ የድምፅ ቅሬታ ሲመጣ “በሽታ እንደማያመጣ ተረጋግጧል” ብሎ ፋይሉን መዝጋት መልስ አይሆንም። ሰውየው የሚለው “አልተጠየቅኩም፣ አልተጠቀምኩም፣ ሌሊቴን ግን ወሰዳችሁ” ነው።

ሕጋችንስ ምን ይላል? ለመኖሪያ አካባቢ የወጣው የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። የዓለም ባንክ መመሪያም ተመሳሳይ ነው። ይህ ለማንኛውም ድምፅ የወጣ ልኬት ነው፤ ለከተማ ሰፈርም ለገጠር መንደርም አንድ ነው። ሌሊቱ ድሮውንም ጭር ባለበት ቀዬ 45 ዴሲቤል በደንብ ይሰማል።

የኢተያውን ጣቢያ በገንዘብ የደገፈችው ዴንማርክ ናት። በራሷ ምድር ያላትን ሥርዓት እንይ። ትልቅ ተርባይን ለመኖሪያ ቤት ከቁመቱ አራት እጥፍ በታች መቅረብ አይችልም። ቁመቱ 150 ሜትር ከሆነ 600 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። በገጠር ቤት ደጃፍ የሚፈቀደው ድምፅ፣ ነፋሱ በሰከንድ 6 ሜትር ሲነፍስ 42፣ 8 ሜትር ሲነፍስ 44 ዴሲቤል ነው። ቤት ውስጥ ለሚገባው ጎርናና ድምፅ ለብቻው ገደብ አለው። የቤቱ ዋጋ የወደቀበት ጎረቤትም ካሳ የሚጠይቅበት ሕግ አለ። ይህች አገር ነፋስ ጠልታ አይደለም ይህን ያደረገችው፤ ከመብራቷ ግማሽ ያህሉን የምታገኘው ከነፋስ ነው። የዴንማርክ ገበሬ የሚገባው ርቀት ለአርሲ ገበሬም ይገባዋል።

ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። የካናዳዋ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሥርዓት 550 ሜትር ርቀትና 40 ዴሲቤል ደንግጋ ነበር። ጥሩ ቁጥር ነው። ነገር ግን በዚያው ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች በተርባይን ቦታ ላይ የነበራቸውን ሥልጣን ወሰደች። የገጠሩ ሰው ቁጣ ለዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው መንግሥት ሕጉን ሻረው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የታዳሽ ኃይል ውሎችንም ሰረዘ። ጎረቤታችን ኬንያም ኪናንጎፕ ላይ የታሰበው 60 ሜጋ ዋት ገደማ ፕሮጀክት በመሬት፣ በካሳና በጤና ስጋት በተነሳ ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀርቷል።

“ደሃ አገር ነን፣ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው” የሚል አይጠፋም። ጭንቀቱ ይገባኛል። ከሕዝባችን ወደ ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት አላገኘም። ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ተርባይን በካርታ ላይ 200 ሜትር ማራቅ የእርሳስ ሥራ ነው። መሠረቱ በኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ማን ያንቀሳቅሰዋል? ከቆመም በኋላ ቢሆን ሌሊት ክንፉን ቀስ አድርጎ በማዞር ድምፁን መቀነስ ይቻላል። ትንሽ ኃይል ያስቀራል፤ ይቅር።

ካሳውም እንደገና ይታይ። አሁን በዋናነት የሚታሰበው መሬቱ ለተወሰደበት ሰው ነው። አጥሩ ሳይነካ ድምፁ ግን ቤቱ የሚገባበት ጎረቤት ከሒሳቡ ውጭ ይቀራል። ለእሱ ሌላው ቢቀር መብራቱ ይግባለት። ማማ ደጃፉ አቁሞ ኩራዝ የሚያበራ ቤተሰብ መኖር የለበትም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት የመመካከር መብት ሰጥቶታል። ምክክር ማለት ውሎ አበል ተከፍሎበት ፊርማ የሚሰበሰብበት ስብሰባ አይደለም። ከግንባታው በፊት መለኪያው ሌሊት በነዋሪው ደጃፍ ይተከል። ከግንባታው በኋላም እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይደገም። ውጤቱ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ። ጣሪያውን ያለፈ ተርባይን ካለ በስንት ቀን እንደሚስተካከል ይጻፍ። አቤት የሚባልበት ኃላፊም አንድ፣ ስልኩም የታወቀ ይሁን፤ ወረዳው ወደ ጣቢያው፣ ጣቢያው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ማመላለሱ ይቁም።