መበለቶቹ ያሳዩት ልብሱን ነው

«ደግ፣ ሃይማኖተኛ፣ ለጋስና ታታሪ ነበሩ።» በአንዲት አያት ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። የትውልድ ዘመኗ፣ የልጆቿና የልጅ ልጆቿ ቁጥር ይጠራል፤ እነዚህ ቃላት ይከተላሉ፤ ወረቀቱ ይታጠፋል። ውሸት የለበትም። ግን ከሌላ አያት ታሪክ ላይ ተገልብጦ ቢመጣስ ማን ይለየዋል?

ሟቹ ወንድ ሲሆን ቢያንስ የሠራበት መሥሪያ ቤትና የደረሰበት ማዕረግ ይነገርለታል። እሷ ግን «የቤት እመቤት ነበሩ» ተብላ ትታለፋለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ያለ ክፍያ ከሚሠራው ሰውን የመንከባከብ ሥራ ከአራት ሦስት እጁን የሚሸከሙት ሴቶች መሆናቸውን ገልጿል። ያ ሁሉ ድካም አንድ መስመር እንኳ አይደርሰውም።

ሐዘንተኞች ይህን ከእኛ በተሻለ ያወቁበት አንድ ቦታ አለ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9። በኢዮጴ ዶርቃ የምትባል፣ ጣቢታም የምትሰኝ ሴት ታማ ሞተች። ጴጥሮስ ሲደርስ መበለቶቹ ከበውት እያለቀሱ፣ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት። ቸርነቷን ሊያስረዱት አልተጨነቁም፤ ስፌቱን አወጡለት።

የእኔ አያት ልብስ አልሰፋችም። የምትሰጠውን ግን አሰጣጡን ታውቅበት ነበር። ተላላኪዋ እኔ ስለነበርኩ የምትለኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ይህ አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ፣ ስፈልገው እልካለሁ ብላለች በላት።» አስፈልጓት ልካ አታውቅም። ተቀባይዋ አደራ ያዥ እንጂ ተመጽዋች አትሆንም፤ አንገቷን አትደፋም። ችግረኛው በፊቷ ሆድ እንዳይብሰው ይህን ያህል መጠበብ በእኔ ግምት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ለጋስ» ስንላት ይኼ ሁሉ ይጠፋል።

ጸሎቷም ከሩጫዋ የተለየ አልነበረም። ጎህ ሳይቀድ ትነሳና የሰው ስም እየጠራች ትጸልያለች፤ የታመመውን፣ መንገድ የወጣውን፣ ከባሏ የተጣላችውን። ጠዋት ስሙ የተነሳው ሰው ቀኑ ሳይመሽ ደጁ ላይ ያገኛታል። አሜን ብላ ከተነሳች በኋላ የቀረውን ለፈጣሪ ብቻ ትታ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ስለዚህ «ሃይማኖተኛ»ን እዚህ፣ «ታታሪ»ን እዚያ ለይቶ መጻፍ እሷን ሁለት ቦታ መቁረጥ ይመስለኛል።

የአያቶችን ሥራ በቅጡ ለማየት ሳይንቲስቶችም መከተል አስፈልጓቸዋል። በሰሜን ታንዛኒያ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ ከሚኖሩት፣ በአደንና በለቀማ ከሚታወቁት ሐድዛዎች መካከል፣ የሰው ልጅን አኗኗር የምታጠናው ክሪስተን ሆክስና ባልደረቦቿ አሮጊቶቹ ሥራ ሥር ለመቆፈር ስንት ሰዓት እንደሚያጠፉ ተከታትለው መዘገቡ፤ የሕፃናቱንም ክብደት ለኩ። እናቲቱ አዲስ ስትወልድ፣ ጡት የተወው ልጅ የክብደት ጭማሪ ከአያቱ ልፋት ጋር ተያይዞ ተገኘ። አያት ልጆችን አቅፋ ተረት የምታወራ ጡረተኛ ብቻ እንደሆነች ለሚያስብ ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው።

በእርግጥ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። ቀኝ እጅ የሚያደርገውን ግራ አይወቅ ተብሏል፤ በስውር የሰጠችውን ከሞተች በኋላ ማወጁ አደራ መብላት አይሆንም? የተቀባዮቹን ስም መጥራት አዎ፣ አደራ መብላት ነው፤ ነውርም ነው። አሰጣጧን መናገር ግን ማንንም አያጋልጥም። ደግሞ አብዛኛውን ነገር ቤተሰቡም አያውቀውም። የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ከሚያገላብጥ፣ ለቅሶ ላይ ማንም የማያውቃቸው ሆነው ጥግ ይዘው የሚያለቅሱትን ሰዎች «እንዴት ታውቋት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ጉድለቷም አይደበቅ። አያቴ ሰው ሲቀመጥ ማየት አይሆንላትም ነበር፤ እንግዳ እንኳ ቢሆን የሚላጥ ወይም የሚታጠፍ ነገር እጁ ላይ ታኖርለታለች። ለሁሉም እየደረሰች፣ እሷን ሊረዳ የመጣውን ግን ተቆጥታ ትመልስ ነበር። በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ ልጆቿ ውሃ ሊያቀብሏት ሲነሱ «ተቀመጡ፣ እግር አለኝ» ትላቸው ነበር፤ እነሱም በዚህ እስከ ዛሬ ይናደዳሉ።