ሁለቱን ሲሞኖች ስለማምታታት የቀረበ እርማት

«በደቡብ ፈረንሳይ ካታሮችን የወጋው ሲሞን ደ ሞንፎርት ኋላ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ተነሥቶ ፓርላማን መሠረተ» ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ነው። ካታሮች የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መናፍቃን ያለቻቸው ክርስቲያኖች ነበሩ። እዚህ ላይ የአባትና የልጅ ታሪክ ተቀላቅሏል። «ደ ሞንፎርት» ከፓሪስ በስተምዕራብ ካለው ርስታቸው የመጣ መጠሪያ ነው፤ በእኛ ልማድ ቢሆን ልጁ «ሲሞን ሲሞን» በተባለ ነበር።

አባትየው በአራተኛው የመስቀል ጦርነት የክርስቲያኖችን ከተማ ዛራን አልወጋም ብሎ ተለይቶ የሄደ፣ ከ1209 (ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ግን በአልቢጀንሳውያኑ (በካታሮቹ) ላይ የተነሣውን ዘመቻ በጭካኔ የመራ ሰው ሲሆን፣ በ1218 ቱሉዝን ከብቦ ሳለ ከከተማዋ በተወረወረ ድንጋይ ተመትቶ ሞተ። ልጁ ያን ጊዜ ገና የዐሥር ዓመት ገደማ ብላቴና ነበር። እርሱም በበኩሉ በ1240 ወደ ቅድስት አገር ዘምቷል፤ ምናልባት ግራ የሚያጋባው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«ፓርላማን መሠረተ» የሚለውም መታረም አለበት። ፓርላማ የሚባለው ጉባኤ ቀድሞም የነበረ ሲሆን፣ የአውራጃ ባላባቶች ተወካዮችም በ1254 ተጠርተውበት ነበር። የሌስተር ኧርል (ከፍተኛ የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረግ) የነበረው ልጅየው፣ በ1264 በእንግሊዝ ሉዊስ በተባለች ከተማ በተደረገው ጦርነት ንጉሥ ሄንሪ 3ኛን ማርኮ በጥር 1265 በጠራው ጉባኤ ላይ የጨመረው አዲስ ነገር የከተሞችን ተወካዮች ነው፤ ይህም ቢሆን ብዙዎቹ ታላላቅ መኳንንት ስለራቁት ደጋፊ ፍለጋ ያደረገው ይመስለኛል። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1265፣ በእንግሊዝ ኢቭሻም በተደረገ ጦርነት ሄንሪ ከተባለው የራሱ ልጅ ጋር ተገደለ።