እሺ ወይም እምቢ በሉኝ!

ኧረ አንድ ሰው መልስ ይስጠኝ! ክረምቱ ወጥቶ የጎጃም ሰማይ ኩልል ሲል፣ እኔ በዚያ ላይ በትንሽ አውሮፕላን ለመብረር ፈቃድ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ እንከራተታለሁ። «ነገ ተመለስ» ሰለቸኝ።

ሕግ አይኑር አላልኩም። ባሕር ዳር የመንገደኛ አውሮፕላን ያርፋል፤ ከበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ጋር ሳይነጋገሩ መግባት በነፍስ መቀለድ ነው። የጮቄ ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ይሳሳል፣ እንደ ሴስና 172 ያለ ትንሽ አውሮፕላን ሞተር ጉልበት ያጥረዋል፣ ሽቅብ ቢሉት እሺ አይልም። ዞረው ነው የሚያልፉት። ይሄ ሁሉ ይገባኛል።

አሜሪካ ግን ቁጥጥር በሌለበት ሰማይ፣ ቀኑ ከጠራ፣ ትንሽ አውሮፕላን የበረራ ዕቅድ እንኳ ሳያስገባ ይነሳል። እኔ ፈቃድ እየለመንኩ ነው! የጣና ደሴቶችና ጢስ ዓባይ ከላይ ሲታዩ እንዴት ልብ እንደሚሰርቁ ያየ ያውቀዋል። እሺ ወይም እምቢ ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል?