የጣሳው ፎሶሊያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከገባን 11 ዓመታችን ነው። እዚህ ታንክስጊቪንግ የሚሉትን የምስጋና ቀን፣ የኖቬምበርን አራተኛ ሐሙስ ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜ የምናሳልፈው ከጎረቤታችን ከአንዲት አዛውንት ጋር ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ሩቅ ግዛት ናቸው። ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ እሳቸው ይጠብሳሉ፣ ሌላውን የተጠራው ሰው ተከፋፍሎ ይዞ ይመጣል። ለእኛ ቤት የደረሰን «ግሪን ቢን ካሴሮል» ነው፤ ፎሶሊያ በእንጉዳይ ክሬም ሾርባ ተለውሶ፣ ላዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት ተነስንሶበት ኦቨን የሚገባ ምግብ።

ይህ መከፋፈል መጀመሪያ ላይ ግር ብሎኝ ነበር። እኛ አገር እንግዳ ጠርተው «አንተ ጎመኑን ይዘህ ና» አይሉም። የበዓሉ ድካም በሙሉ የሚወድቀው በአንድ ማጀት፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ነው። እናቴ ለገና ከዋዜማው ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዶሮውን ስትገነጥልና ደጋግማ ስታጥብ፣ እኔና አባቴ ሳሎን ተቀምጠን እንጠብቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ድስት የያዝኩት እዚህ መጥቼ ነው። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፤ እሷ ስትተኛ ልጃችን መብላት አለባት። በዚህ በኩል የሰው አገር ያስተማረኝን አልክድም።

የመጀመሪያው ዓመት ጎረቤታችን የሚገዛውን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ ሁለት ጣሳ፣ ወተት፣ ሶይ ሶስ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ፎሶሊያ፣ በቆርቆሮ የታሸገ የተጠበሰ ሽንኩርት። 6 ነገር ብቻ። ቀላቅዬ ኦቨን ከተትኩት፤ ሥራው ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሰው በልቶ አመሰገነኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ለዓመታትም እንደዚያው ሠራሁ።

ያስቆመኝ ልጄ ናት። ትምህርት ቤት በዓል ላይ የሚበላ ምግብ መርጣችሁ አሠራሩን ጻፉ ተብለው፣ እሷ የመረጠችው ይህንኑ ነው። ደብተሯን ሳየው የመጀመሪያው መስመር «ጣሳውን ትከፍታለህ» ይላል። ሁለተኛው መስመር «ሌላውን ጣሳ ትከፍታለህ»። ልጅቱ ያየችውን ነው የጻፈችው፤ ያሳየኋት እኔ ነኝ። እንጉዳይ ሲጠበስ ምን እንደሚሸት፣ ወጥ ለምን እንደሚወፍር፣ ሽንኩርት እንዴት ቡናማ እንደሚሆን የሚያሳይ አንዳች ነገር በዚያ ገጽ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ስለ ምግቡ ማንበብ ጀመርኩ። ምግቡ እንደ በዓሉ የቆየ ነው ብዬ ነበር የማስበው። በዓሉን ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 ነው ለመላው አገሪቱ ያወጁት። ካሴሮሉ ግን የተወለደው በ1955 ነው፤ ዶርካስ ራይሊ የምትባል የካምቤል ሾርባ ፋብሪካ ሠራተኛ ካምደን፣ ኒው ጀርሲ በሚገኘው የኩባንያው ማእድ ቤት ከባልደረቦቿ ጋር አዘጋጀችው። የእንጉዳይ ክሬም ሾርባው ራሱ ገበያ ላይ የዋለው በ1934 ነበር። ሴትዮዋ በ2018፣ በ92 ዓመቷ ነው ያረፈችው። አዲስ ነገር ለፈጠሩ ሰዎች መታሰቢያ በተሠራው ብሔራዊ ተቋም ውስጥ የምግቡ የመጀመሪያ ካርድ ተቀምጧል፤ ይገባታልም። ከየቤቱ ጓዳ በማይጠፋ ነገር፣ ልጅ ያዘለች እናት በጥቂት ደቂቃ የምታደርሰው ምግብ ማሰብ ቀላል ሙያ አይደለም። እኔን ያስደነቀኝ ሌላው ነው፤ ለችኮላ ቀን የታሰበው አቋራጭ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ራሱ ባህል ሆኗል። «ያያቴ ምግብ» ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው፣ አያታቸው ከጣሳ ነበር የምትሠራው።

በዚያው ሰሞን ሐኪሜ የደም ግፊቴ ከፍ ማለቱን ነግሮኝ ጨው ቀንስ ብሎኝ ነበር። ጓዳ ገብቼ አንዱን ጣሳ አነሳሁና ጀርባውን አነበብኩ። በጣሳው ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ጨው ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር ማለት ነው፣ ሲደመር ከ2,000 ሚሊግራም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከዚያ በታች ይሁን ነው የሚለው፤ በጨው ሲቆጠር ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። እኔ ሁለት ጣሳ ነበር የምገለብጠው። ሶይ ሶሱና የቆርቆሮው ሽንኩርት በዚያ ላይ ይጨመራል፤ ከጎኑ ደግሞ ተርኪው፣ መረቁ፣ ዳቦው አለ።

እዚህ የሚኖር ሀበሻ ይህን ሲሰማ «የፈረንጅ ምግብ ድሮም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እንደዚያ ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለፋሲካ አገር ቤት ሄጄ ያየሁት ነገር አለ። ታናሽ እህቴ ባንክ ነው የምትሠራው፤ ቤቷ የምትደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ገና ሳይበስል፣ ከመሳቢያ በብር ወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ኩብ አወጣች፣ በጥፍሯ ፈልቅቃ በሁለት ጣቷ እየፈረፈረች ድስቱ ውስጥ ነሰነሰቻት። እማዬ በር ላይ ቆማ ታያለች።

«መረቁ እኮ ዶሮው ራሱ ነው፣ ልጄ» አለቻት።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አንተ እንኳ ፍረደኝ። ነገ ጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ። ሽንኩርት ላይ አምስት ሰዓት የምቆምበት ጊዜ ከየት ላምጣ?»

እኔም መፍረድ አልቻልኩም። ዶርካስ ራይሊ ስታስብላቸው የነበሩት ሴቶች እኮ እንደ እህቴ ያሉ ናቸው። የደነገጥኩት በማግስቱ ነው። እማዬ በራሷ እጅ፣ ያለ ኩቡ የሠራችውን ወጥ የእህቴ ትንሽ ልጅ ቀምሶ «ይኼ ጣዕም የለውም» ብሎ ገፋው። የኔ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ «ጣሳውን ትከፍታለህ» ብላ ጻፈች፤ የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ላይ የአያቱን እጅ ሳይለየው ቀረ። አሜሪካን በ1955 የደረሰባት እኛን አሁን እየደረሰብን ነው። እዚህ ደግሞ አንዳንዶች ጣሳውን እየተዉ ወደ መጥበሻው መመለስ ጀምረዋል፤ እኛ ከኋላቸው ተነስተን እነሱ የተዉትን መንገድ እየሄድን ነው። የእኛም የድሮው ሁሉ ጤና ነበር አልልም፤ ቅቤውና ጨው የበዛበት ወጥ ስንቱን ሰው እንደጎዳ በየቤታችን እናውቃለን። ግን ቢያንስ ስንት ማንኪያ እንደገባበት የሠራችው ሴት ታውቅ ነበር። ማንኪያው እጇ ላይ ስለሆነ መቀነስም ትችል ነበር።

ስለዚህ ካሴሮሉን ከሥሩ መሥራት ጀመርኩ። ፎሶሊያውን ጫፍ ጫፉን ቆርጬ ጨው በሌለው የፈላ ውሃ 5 ደቂቃ ያህል እቀቅልና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እጥለዋለሁ፤ አረንጓዴነቱ እንዳይጠፋ፣ ኦቨን ገብቶም እንዳይላሽቅ ነው። ዋናው ሥራ እንጉዳዩ ላይ ነው። ግማሽ ኪሎ እንጉዳይ ከትፌ፣ ዘይት ሳልጨምር ሰፊ መጥበሻ ላይ አሰጣዋለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ይንጣጣል፣ ከዚያ ውሃውን ይለቅና መጥበሻውን ይሞላዋል። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። የመጀመሪያ ጊዜ ውሃው ሳይመጥ ዱቄት ነስንሼበት ካሴሮሉ ውሃ ውሃ ብሎ ተበላሸብኝ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ይህ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱን በደረቁ እያቁላላን ውሃውን እስኪጨርስ እንደምንጠብቀው ሁሉ፣ እንጉዳዩም ውሃውን ጨርሶ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ይጠበቃል። ያን ጊዜ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ሥጋ የሚጠበስ ይመስላል። ጨው የሚተካው ይህ ጣዕም ነው።

ከዚያ የደቀቀ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ማንኪያ የወይራ ዘይት ይገባል። ለማወፈሪያ የአጃ ዱቄት ነው የማደርገው። ለአራስ አጥሚት የሚማሰልበት አጃ ክሬም የሚያስንቅ ልስላሴ እንዳለው እናቶቻችን የሚያውቁት ነው። አራት ሾርባ ማንኪያ ዱቄቱን እንጉዳዩ ላይ ነስንሼ ትንሽ አምሰዋለሁ፤ ከዚያ የእንጉዳዩን ግንድና የሽንኩርቱን ቅርፊት ቀቅዬ ያጠለልኩትን ውሃ፣ ሁለት ኩባያ፣ ጠብ ጠብ እያደረግኩ አማስላለሁ። እንዳይጓጉል። ሽሮ ያማሰለ ሰው ይህን ማንም እንዲያሳየው አያስፈልገውም። ጨው ለ8 ሰው በሚሆነው ሙሉ መጋገሪያ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ አደርጋለሁ፤ ሶዲየሙ 1,150 ሚሊግራም ገደማ ነው። ቁንዶ በርበሬውን ግን አበዛዋለሁ።

ላዩ ላይ የሚነሰነሰውን ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት በቀጭኑ እከትፍና በአንድ ማንኪያ ዘይትና በትንሽ ዱቄት አሽቼ ትሪ ላይ አሰጣዋለሁ። በ425 ፋራናይት፣ አገር ቤት በለመድነው 220 ዲግሪ፣ 25 ደቂቃ ያህል። በመሐል ሁለት ሦስቴ ካልተገላበጠ ዳር ዳሩ ያራል። ከዚያ ሁሉም ተገናኝቶ እስኪንተከተክ ኦቨን ይገባል።

ወተትና ቅቤ የሌለው ለምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ መልሱ ከጤናው በፊት የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። የገና ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ አንዳንድ ዓመት 25። የምስጋናው ሐሙስ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ስለሚውል አብዛኛውን ጊዜ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። በ2022 ልክ ኅዳር 15 ላይ ነበር። በ2023 ኅዳር 13 ስለዋለ የፈለገ ሰው ተርኪውን በላ፤ በ2024 ግን ኅዳር 19 ነበር። በጾም ዓመት እዚያ ገበታ ላይ የምንበላው አጥተን ዳቦ ስንቆርስ ጎረቤታችን ይጨነቁ ነበር፤ የተፈጨው ድንች እንኳ ቅቤና ወተት አለበት። አሁን ከጣሳ የወጣው ካሴሮል ሲቀር፣ የሚጾመውም የማይጾመውም ከአንድ መጋገሪያ መብላት ቻለ።

እማዬ በቪዲዮ ስታየው ስልኩን ወደ ዐይኗ አስጠጋችው። «ፎሶሊያ ነው እንዴ? ካሮቱስ?»

«ይኼ ካሮት የለውም፣ እማዬ። እንጉዳይ ነው።»

«ላዩስ ላይ ያለበሳችሁት?»

«ሽንኩርት ነው።»

«በጾም ነዋ!» አለች፣ ፊቷ በርቶ። «አየህ፣ አልቸገረህም።» ከዚያ ስለ ጨዉ ጠየቀችኝ፣ ስለ ግፊቴ ጠየቀችኝ፤ እህቴንም ጠርታ የእንጉዳዩን ነገር አስደገመችኝ።

በ2024 ጎረቤታችን አሠራሩን ላይ ብለው ከምድጃዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ዕድሜያቸው 80 ሆኗል። የአጃውን ዱቄት ነስንሼ ማማሰል ስጀምር ዝም ብለው ድስቱን ሲያዩ ቆዩና፣ እናታቸው በልጅነታቸው ዱቄት በቅቤ አምሳ ወተት እየጨመረች እንዲህ ታደርግ እንደነበር ነገሩኝ። ጣሳው ቤታቸው ሳይገባ በፊት ነው። ረስተውት ኖሯል። ማማሰያውን ከእጄ ወስደው እስኪወፍር ድረስ ራሳቸው አማሰሉት፤ ልጄ ከጎናቸው ቆማ ከትሪው ላይ ሽንኩርት እየለቀመች ትበላ ነበር።