«ወፍን ማን ቪዛ ጠየቃት?»

ክርክሩን ያስነሳው የከባድ መኪና ረዳት ነው። ቦታው ኮምቦልቻ፣ መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ አጠገብ ያለች ጀበና ቡና፤ ጊዜው ጥቅምት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ። ከተራራው ጫፍ በላይ ወደ ሃያ የሚጠጉ ንስሮች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ይዞራሉ።

«እነዚህን ማን ቪዛ ጠየቃቸው?» አለ። «ከየመን በባብ ኤል መንደብ ተሻግረው መጡ። እኛ በዚያው ባሕር እንሂድ ስንል ግን ሕገ ወጥ ነን። ወፍ የሚያስተምረው ይሄንን ነው፤ የከፋው ተነስቶ ይሄዳል።»

ከጎኑ የተቀመጠው ባለሱቅ የማነቃቂያ ንግግር ይወዳል። እሱም የንስሩን ታሪክ አመጣ፦ 40 ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ምንቃሩን ከአለት ጋር አላትሞ ይነቅላል፣ ጥፍሩንም ይነቅላል፣ አዲስ በቅሎለት ሌላ 30 ዓመት ይኖራል። «ቆራጥነት ማለት ይህ ነው» ብሎ ደመደመ።

የባዮሎጂ መምህሩ ስኒውን አስቀመጠ። «ምንቃር የሌለው ንስር ሥጋ በምን ይቀዳል? አዲሱ ሳይበቅል በረሃብ ይሞታል። ምንቃርና ጥፍር እንደኛ ጥፍር በየቀኑ ያድጋል፣ በየቀኑም ይፋቃል። ንስር የሚያድሰው ላባውን ነው፤ እሱንም በአንድ ጊዜ አይደለም። ከግራም ከቀኝም ጥቂት ጥቂት ይጥላል፣ የጣለው ሲበቅል ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንዲህ ትልቅ ንስር ሁሉንም ለውጦ ለመጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። መብረር ካቆመ አይበላማ! ያችኛዋን እዩ፣ ዝቅ ብላ የምትዞረዋን።»

ቀና አልን። የክንፏ ጠርዝ መሃል ላይ ጥርስ እንደወለቀበት አፍ ክፍት ነው። እንደዚያም ሆና ትዞራለች።

«ይሄ ለንግግር አይመችም» አለ ባለሱቁ፤ ተሳቀ።

መምህሩ ወደ ረዳቱ ዞረ። ንስር ባብ ኤል መንደብን የሚመርጠው ደፋር ስለሆነ አይደለም፣ አለው። ከባድ ወፍ ረጅም መንገድ በክንፉ ጉልበት አይዘልቅም። ፀሐይ ያሞቀችው መሬት አየሩን ወደ ላይ ይገፋል፤ ወፉ በዚያ ላይ እየዞረ ከፍ ይላል፣ ከዚያ እየተንሸራተተ ወደሚቀጥለው የሞቀ አየር ይወርዳል። ባሕር ላይ ይህ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሃው ወደሚጠብበት ይሄዳል፤ ባብ ኤል መንደብ ከዳር እስከ ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሽመላም ከአውሮፓ ስትመጣ ሜዲትራኒያንን በቀጥታ አታቋርጥም፤ ወይ በኢስታንቡል በኩል ዞራ በሲና ትገባለች፣ ወይ በጊብራልታር። «ማልዶ መነሳትም አይጠቅማቸውም» አለ። «መሬቱ ሳይሞቅ የተነሳ ክንፉን እያርገበገበ ስንቁን ይጨርሳል።»

«ስንቁ ምንድን ነው?» አለ ሾፌሩ፤ እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር።

መምህሩ የስኳሩን ዕቃ ሳብ አደረገና በሻይ ማንኪያ እየሰፈረ ረከቦቱ ጥግ ላይ አራት ጊዜ ከመረ። ቡና የምታፈላው ሴት «ኧረ ቲቸር፣ ስኳር እኮ ውድ ነው» አለች። ክምሩ 17 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ሰሞኑን ቦርከና ዳር በከብት እግር ስር ጭራዋን እየወዘወዘች የምትሮጠው ባለ ቢጫ ሆዷ ወፍ ክብደቷ ይኸው ነው። ሁለት ማንኪያ ጨመረበት። «ይሄ ስቡ ነው። ለመመለስ ስትዘጋጅ ለሳምንታት ነፍሳት ስትለቅም ከርማ የምትይዘው። አንድ ግራም ስብ ከአንድ ግራም ስኳር ከእጥፍ በላይ ጉልበት ይሰጣል፤ ለዚህ ነው በስብ የምትሰንቀው።»

ሾፌሩ ነገሩ ገባው። ሰሃራን የምታቋርጥ ትንሽ ወፍ 1,500 ኪሎ ሜትር ይጠብቃታል እንበል፤ ፍጥነቷ በሰዓት 40። ነፋስ ከሌለ 38 ሰዓት አይሞላም። ከኋላ 20 የሚገፋት ነፋስ ካገኘች 25 ሰዓት። ያው 20 ከፊት ከመጣባት ግን 75 ሰዓት፣ በዚያችው በሁለት ማንኪያ። «ስለዚህ ነፋሱን ጠብቃ ነው የምትነሳው» አለ ሾፌሩ። «ናፍጣው ቢያልቅባትስ?»

«የደረቷን ጡንቻ ታቃጥላለች።»

«ሞተሩን እየፈቱ ማንደድ በለኛ!»

ስብ ማብዛትም መዘዝ አለው፤ የከበደች ወፍ ከመሬት ስትነሳ ትዘገያለች፣ ጭልፊት ይቀድማታል። ይህን ለሾፌር ማብራራት አላስፈለገም። የደሴን ቁልቁለት ጭነት አብዝቶ የወረደ ያውቀዋል።

ሴትየዋ ጀበናውን እያዘነበለች ወደ ወሬው ገባች። ስድስት ዓመት ጂዳ ሠርታ የተመለሰች ናት። «እኔን የላከኝ ደላላ ስለ ብር እንጂ ስለ ስንቅ አልነገረኝም። የት እንደማርፍም አልነገረኝም» አለች፤ ከዚያ በላይ አልጨመረችም።

መምህሩ ማረፊያ የምትለዋን ቃል ይዞ ጥቂት ሄደ፦ ጨፋ ረግረግ ቢታረስና ቢደርቅ፣ ስቧን ጨርሳ እዚያ የምትወርድ ወፍ አማራጭ እንደሌላት። ከዚያ የመላጣውን ወፍ ታሪክ ነገረን፤ እኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ይመስለኛል። ጥቁር ነው፣ ራሱ መላጣ፣ ምንቃሩ ቀይና ቆልማማ። ሶሪያ፣ ፓልሚራ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2002 ጥቂት ተገኙ። በ2006 ጀርባቸው ላይ የሳተላይት መሣሪያ ሲታሰር የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት በእኛው ደጋ መሆኑ ታወቀ። አዋቂዎቹ መንገዱን ያውቁት ነበር። ጫጩቶቹ ግን ከእነሱ ጋር ሳይሆን ለብቻቸው ይነሱ ነበር፤ ብዙዎቹ አረብ ምድር ላይ በአዳኝ ጥይትና በኤሌክትሪክ ምሰሶ አለቁ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ይህንኑ ወፍ በሰው እጅ ያሳደጉት ሰዎች መንገድ የሚያሳይ ስለጠፋ፣ በትንሽ አውሮፕላን እየመሩ አልፕስን አሻግረው ጣልያን ያደርሱት ነበር።

«ይኸው» አለ ባለሱቁ ለረዳቱ። «ታላላቆችህን ስማና ቁጭ በል።»

ረዳቱ ተቆጣ። «ወፏ ስብ የምታደርገው ነፍሳት ሞልቶላታል። እኔ በዚህ ደመወዝ ከምን ላይ ልሰንቅ?»

መልስ አልተገኘም። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ።

ለእኔ መምህሩ በወፏ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ የንስሩንም ተረት አፈር አልብሶታል። ባለሱቁ ግን የማይሆን ነገር አወጣበት። ወፍ ለመሄድም ለመቅረትም ምስክር አትሆንም፤ በዚያው በሽመላ ዘር ስፔን ውስጥ ቆሻሻ መጣያ ላይ ምግብ ያገኙት ይቀራሉ፣ ያላገኙት ይሄዳሉ። የምትሄደው ምግቡ ሲያልቅ ነው፤ በምን ያህል ስንቅ፣ በየትኛው ነፋስ፣ የት አርፋ የሚለው ግን ሳይሰላ አይታለፍም። ረዳቱ የስሌቱን መጀመሪያ ራሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነበር። ደመወዝህ ስንት ነው፣ ከዚያስ በወር ምን ይተርፍሃል ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።