አቤት ትዕግሥት!

ሰው መንግሥትን መውቀስ ሥራዬ ብሎ ይዞታል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት፤ የሕንድ ውቅያኖሷን ደሴት የሞሪሸስን መንግሥት።

እ.አ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2020 ዋካሺዮ የሚባል፣ 300 ሜትር የሚረዝም የጃፓን ኩባንያ መርከብ ፖይንት ዴስኒ የሚባል የባሕር ዳርቻ አጠገብ የኮራል አለት ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ሆዱ ውስጥ 4,000 ቶን ገደማ ነዳጅ አለ። ችኩል መንግሥት ቢሆን መጀመሪያ ነዳጁን እንቅዳ ብሎ ይሯሯጥ ነበር። እነዚህ ጨዋዎች ግን እንግዳ አረፍ ሳይል ኪሱ አይፈተሽም ያሉ ይመስላል። ባለሙያ ተጠራ፣ መግለጫ ተሰጠ፣ ሞገዱ ከባድ ነው ተባለ (እውነት ነው፣ ከባድ ነበር)። እንዲህ እየተባለ 12 ቀን አለፈ።

ኦገስት 6 ላይ ነዳጁ በራሱ ተነሳሽነት ወጣ።

በማግስቱ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ፕራቪንድ ጃግናውዝ የአካባቢ አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። አንዳንድ ነገረኛ ዘገዩ ይላል። ምን ነካው? ሳይፈስ ቢያውጁ ኖሮ ማስረጃው ከየት ይመጣ ነበር? ከፈሰሰ በኋላ ግን ባሕሩ ጠቁሮ ስለታየ የሚጠራጠር አልነበረም። መርከቡን የማንሳት አቅም የለንም ብለውም ፈረንሳይን እርዳታ ጠየቁ፤ ይህን ትሕትና በመጀመሪያው ቀን ቢያሳዩት ኖሮ ኩራት ይመስልባቸው ነበር።

ያስቸገረው ሕዝቡ ነው። ማሄቡር ከተማ ላይ ሰው ተሰብስቦ የሸንኮራ አገዳ ቅጠል ጨርቅ ውስጥ እየጠቀጠቀ፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ እያሰረበት ነዳጁን የሚያግድ ነገር መሥራት ጀመረ። ፀጉር ነዳጅ ይመጥጣል ብሎ የተቆረጠም አለ። ያለ ጨረታ፣ ያለ ኮሚቴ! ለሚመለከተው አካል ተዉት ቢባሉም አልሰሙም። ከዚያ ብሶ ኦገስት 29 በአሥር ሺዎች ሆነው ዋና ከተማው ፖርት ሉዊስ ላይ ሰልፍ ወጡ። ምስጋና ቢስ።

ወደ 1,000 ቶን የሚሆን ነዳጅ ከፈሰሰ በኋላ መርከቡ ኦገስት 15 ለሁለት ተሰበረ። የፊተኛው ግማሽ ወደ ጥልቁ ባሕር ተጎትቶ እንዲሰምጥ ተደረገ። ካይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባል የለ? በዚያው ሰሞን በደርዘን የሚቆጠሩ ዶልፊን መሰል እንስሳት ሞተው ባሕር ዳር መገኘታቸው ግን ትንሽ ደስ አይልም፤ ምናልባት እነሱም ትዕግሥት አጥተው ይሆናል።

በ2021 መጨረሻ ካፒቴኑና ምክትሉ 20 ወር ተፈረደባቸው። ወደ ዳርቻው የተጠጉት የስልክ ኔትወርክ ፍለጋ ነበር። እነሱ እንኳን ፍርዳቸውን አገኙ፤ ለ12 ቀን ትዕግሥት ግን የሚሸልም ፍርድ ቤት አልሰማሁም።